ዘጠኝ ቀን የዘገየ ጋብቻ

«ልጅቷ በሕጉ ልጅዎ አይደለችም፣ ጋሼ» አለው ፎርም ሞይው። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም፤ አነጋገሩም ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም እንደሚል ሰው ነበር። ልብስ ሰፊው ነገሩ ለሌላ ሰው የተባለ መስሎት ወደ ኋላው ዞር አለ። ከኋላው ግን ፎቶ ኮፒ ማድረጊያው፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ወንበርና ግድግዳው ላይ የተለጠፉ የጉርድ ፎቶ ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ በዚያ ጠዋት ጭራሽ አገር ለቆ የሄደ ይመስል ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገመው። በሦስተኛው ፎርም ሞይው አዘነለትና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሱ አዞረለት። እሱ ግን መነጽሩን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ረስቶት ስለመጣ ከነጭና ከሰማያዊ በቀር ያየው ነገር አልነበረም።

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ሜትሩ» ይለዋል። መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ነው፤ ሚስቱማ አንድ ሌሊት ትራሱ ሥር ተጠቅልሎ አግኝታው እባብ መስሏት ጎረቤት ቀስቅሳለች። ሌላም ጠባይ አለው። ሲዋሽ መለካት ይጀምራል። አፉ ውሸቱን ሲያወጣ እጁ መለኪያውን ከአንገቱ መዝዞ አጠገቡ ያገኘውን ነገር፣ ጠረጴዛም ይሁን የመስኮት ደፍ፣ ዳር እስከ ዳር ይለካል። ይህን ጠባዩን ሚስቱ ታውቃለች፣ ደንበኞቹ ያውቃሉ፣ የሱቁ አከራይ ያውቃል። የማያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

እህቱ ባሕር ማዶ ሆና ማመልከቻውን ያስገባችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ያኔ እሱ ወንደላጤ ነበር፤ ለእሷም የቀራት ዘመድ እሱ ብቻ ነበር፣ ዛሬም እሱ ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት «ተራዎ ደርሷል፤ ሚስትዎንና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላቸውን ልጆችዎን ይዘው መምጣት ይችላሉ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እህቱ በአንድ ቀን ሁለት አልጋና ሦስት ካፖርት ገዛች። የድምፅ መልእክቷ ተሰምቶ እስኪያልቅ ሻይ ይቀዘቅዛል፤ ግማሹ ስለ አልጋዎቹ ነው፣ ግማሹ ለቅሶ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚቆጠረው ሃያ አንድ ነበር። ልጅቷ ሃያ ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ገና ስምንት ወር አላት። ሦስቱም ገደሉ ያለው እዚያ ሃያ አንድ ላይ ነው ብለው፣ ስምንት ወር ቀደም ብለው በመድረሳቸው ጎረቤት እስኪታዘባቸው ተደስተው ነበር። መልሱ የሚላከው ዛሬ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«ሃያ አንዱ ለማንኛውም ልጅ ነው» አለ ፎርም ሞይው። «የእንጀራ ልጅ ሲሆን ግን ሌላ ቁጥር አለ። እናትየውን ሲያገቡ ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት መሆን አለባት። ከዚያ በፊት ከተጋባችሁ ልጅዎ ናት፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ የሚስትዎ ልጅ እንጂ የእርስዎ አይደለችም።»

«እኛ መቼ ተጋባን?» አለ ሜትሩ፣ የራሱን ሠርግ የማያውቅ ይመስል።

«ከሞላት በኋላ። በዘጠኝ ቀን።»

ዘጠኝ ቀን! ገበር ያለው ሙሉ ልብስ ሰፍቶ ለማስረከብ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሜትሩ ካርቶን የተደገፈው ወንበር ላይ ተቀመጠና ቀኑን ራሱ ቆጠረው፤ ትክክል ነው። ደግሞም ለምን ዘጠኝ ቀን እንደዘገየ በዚህች ምድር ላይ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

ልጅቷ በቤት ስሟ «ዳኛዋ» ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ ሜትሩ እናቷን ብሎ ወደዚያ ቤት ሲመጣ፣ በር ላይ አቁማ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሌላ ቦታ ልጅ ይኖረው እንደሆነና ማታ ማታ ያንኮራፋ እንደሆነ ጠይቃዋለች። እሱም ቆሞ መልሷል። እናትየው እንፈራረም ስትለው «ቤቱ የእሷም ነው፤ በራሷ አንደበት እስክትፈቅድ አልፈርምም» አላት። ዳኛዋ አምስት ዓመት አልፈቀደችም። ክፋት አልነበረባትም፤ አብራው ትበላለች፣ አብራው ትስቃለች፣ ሲታመም ሻይ ታፈላለታለች፣ ፍርዱን ግን ይዛዋለች። ከዕለታት አንድ እሑድ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አልፏት፣ የሱሪዋን እግር ሲያሳጥርላት ከፊቱ ቆማ «እሺ ተጋቡ እንግዲህ» አለች። «ግን የእማዬ ምስክር እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይፈርምባትም።» ሜትሩ ያን ዕለት የሱሪውን አንድ እግር ከሌላው አሳጥሮት ተገኘ። መዝገብ ቤት ሲሄዱ ታዲያ ምስክር አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው መሆን አለበት ተባሉ፤ አምስት ወር ይቀራት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነሱ ግን ተቀምጠው፣ ተረጋግተው፣ እየሳቁ አፈሰሱት። አምስቱን ወር ጠበቁ፣ መታወቂያዋ እስኪወጣ ደግሞ ጥቂት ቀን፣ ከዚያ ሄደው ተፈራረሙ። ልጅቷን ለማክበር የተጠበቀችው ዘጠኝ ቀን ነች እንግዲህ አሁን ልጅህ አይደለችም የምትለው።

«መፍትሔ የለውም?»

«እናትየው ከሄደች በኋላ በእናትነቷ ልትጠራት ትችላለች። ግን ተራው ረጅም ነው፤ ስምንት ዓመት ገደማ።» ፎርም ሞይው ለአንድ ገጽ የሁለት ዳቦ ዋጋ ነው የሚቀበለው፤ በዚያ ዋጋ ከዚህ የበለጠ ማጽናናት አይጠበቅበትም። ሆኖም ሻይ አዘዘለት። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስቡበት ጋሼ። ሁለት ልበል፣ አንድ ልበል፣ ወይም ጭራሽ አንመጣም ልበል፤ እርስዎ ያሉኝን እሞላለሁ።»

ሜትሩ ሻዩን ሳይጨርስ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጋብቻ መዝገብ ቤት ሄደ። መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ በልቡ ገብቷል፤ ሐሳቡ እንዳልሆነ ለማስመሰል ፊቱን ወደ ሱቆቹ መስኮት እያዞረ ነበር የሚራመደው። መዝገብ ያዧ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ሴትዮ ናቸው፤ ሹራባቸውን ወንበራቸው ላይ ደርበው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ እንደ ልጃቸው ይቆጣሉ። ተራው ሲደርስ ሜትሩ ጎንበስ ብሎ፣ መዝገቡ ላይ ቀን ሲጻፍ አንዳንድ ጊዜ ስሕተት ሊገባ እንደሚችል፣ እሱም እንደሚያስታውሰው የተጋቡት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ምናልባት ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ እንደነበር ነገራቸው። እጁ የጠረጴዛቸውን ወርድ እየለካ ነበር። ሴትዮዋ እጁን አዩት፣ ፊቱን አዩት፣ ከዚያ ትልቁን መዝገብ ጎትተው ከፈቱት።

ገጹ እዚያ አለ። የሜትሩ ፊርማ ትንሽ ናት፣ እንደ ስፌት ጠበቅ ያለች። የሚስቱ ፊርማ ቀልጠፍ ያለች ናት። በምስክሮቹ ቦታ ላይ ግን የልጅቷ ፊርማ ከመስመሩ ወጥቶ፣ ጅራቱን አዙሮ፣ የሁለተኛውን ምስክር ቦታ ግማሽ ይዞታል፤ አምስት ወር ሙሉ በደብተሯ ጀርባ፣ በጋዜጣ ዳር፣ በዳቦ መጠቅለያ ላይ የተለማመደችው ፊርማ ነው። ሴትዮዋ ጣታቸውን እሱ ላይ አሳረፉ።

«ይቺን ልጅ አስታውሳታለሁ። መታወቂያዋን ሳልጠይቃት ነው ያወጣችው። እናቷን ልትድር መጥታ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አየህ ልጄ፣ እኔ ቀን አልነካም። ብነካልህስ ምን ትጠቀማለህ? ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ምስክርህ ሕፃን ትሆናለች። ሕፃን የመሰከረበት ጋብቻ ደግሞ ይፈርሳል። ልጅ አገኛለሁ ስትል ሚስትህን ታጣለህ።»

ሜትሩ ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ወረፋው በሙሉ ዞር ብሎ እስኪያየው፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። ዕድሜዋ ስላልደረሰ መፈረም አትችልም ተባለ፤ ሲደርስ ፈረመች፤ ዕድሜዋ ስለደረሰ ልጅ መሆን አትችልም ተባለ። ሴትዮዋም ትንሽ ፈገግ አሉና «ሂድ፣ ሂድ፣ ሰው አስቆምክ» ብለው ሰደዱት። ደጅ ሲወጣ ሳቁ አልቆ ነበር።

ሚስቱ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ «እንደምን ዋሉ፣ ቀጠሮ አለዎት?» እያለች አሥራ ስድስት ዓመት ከመሥራቷ የተነሳ ድምፁ ተጣብቶባታል፤ ስትናደድም፣ ስትደነግጥም፣ ስታዝንም የሚወጣው ያው ለስላሳው የስልክ ድምፅ ነው። በምሳ ሰዓት ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦና እንቁላል ይዛ አገኛት። ከውስጥ የመሰርሰሪያው ጩኸት ይሰማል። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ ለእሷ መዋሸት ድካም ብቻ ስለሆነ ሳይለካ ነገራት። ዳቦውን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። መሰርሰሪያው ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። አንድ በሽተኛ ጉንጩን ይዞ ወጣና አልፏቸው ሄደ።

«አንተ ሂድ» አለች በመጨረሻ፣ በዚያው ድምፅ። «እህትህ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃሃለች። እኔና እሷ እንቆያለን።»

«ያላንቺ?»

«ሐኪሙ አሁን ምሳ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ይደውሉ» አለችና ያለችው ለራሷም ገርሟት ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ሜትሩ እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ፤ ሸሚዟ ስፌቱ የሱ ነው፣ እያንዳንዱን መስመር ያውቀዋል። መሄድ ይፈልጋል፤ ይህን ከራሱ መደበቅ አይችልም። እህቱን ካያት አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ሱቁም ቢሆን ሞቷል፤ ዛሬ ሰው የተሰፋ ልብስ ይገዛል፣ እሱ ዘንድ የሚመጣው ሱሪ ለማሳጠር ብቻ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ግን ሄዶ የሚኖርበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሚሆን ሊታየው አልቻለም። ሚስቱ ፊቷን ጠርጋ ቀና ስትል የተናገረችው ስለ መሄድ አልነበረም። «ምክንያቱን እንዳትነግራት» አለችው። «በዕድሜዋ ነው በላት፤ ቁጥሩን ቀየሩት በላት። በፊርማዬ ነው የቀረሁት ብላ ዕድሜ ልኳን ይቆጫታል። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ከኔ አትሰማም፤ ካንተም እንዳትሰማ።» ማለላት።

ዳኛዋ የምትሠራው ስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው፤ ከሁለት ሰው በላይ የማይቆምበት፣ በመስታወት ሳጥን የተከፈለ ሱቅ። ከመስታወቱ ወዲያ ሆና፣ የግንባር መብራት አስራ፣ ከተከፈተ ስልክ ውስጥ በወረንጦ አንዲት ትንሽ ነገር ስታወጣ፣ እሱ የሚላትን እየተለማመደ ከሰዓቱን መንገድ ለመንገድ ሲዞር ቆይቶ ደረሰ። «ሜትሬ! በሥራ ሰዓት?» አለች ቀና ሳትል። አባባ ብላው አታውቅም፣ እሱም ጠብቆት አያውቅም፤ ሜትሬ ስትለው ግን ሌላው ሰው ሜትሩ ሲለው የማይሰማው ነገር ይሰማዋል።

«ደብዳቤው ላይ ትንሽ ነገር አለ» አለ ሜትሩ። «አንቺ ለጊዜው... ቁጥሩን ቀይረውታል። ሃያ አንድ የነበረው ሃያ ሆኗል። በቃ ዕድሜሽ አለፈ።»

ልጅቷ ወረንጦውን አስቀመጠች። የግንባሩን መብራት አጠፋች። ከዚያ ሜትሩ ጨርሶ ያልጠበቀው ነገር ሆነ። «እፎይ!» አለች፣ ትከሻዋ አብሮ ወረደ። «እውነትህን ነው? እኔ አልሄድም ማለት ነው? እፎይ፣ ሜትሬ!» ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የሱቁ ባለቤት እርጅና ተጫጭኖት ሱቁን ግማሽ በግማሽ አብረን እንያዘው ብሏታል፤ እሷም ከልቧ ትፈልገዋለች። ግን እነሱ ስለ አልጋና ስለ ካፖርት ሲያወሩ እያየች እንዴት ትንገራቸው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገሩን በሆዷ ይዛ፣ ማታ ማታ ካፖርቱ ይሞቃል ወይ እያለች ስትጠይቅ ነበር። ሜትሩ አፉን ከፍቶ ያያታል። እሱ ለእህቱ፣ እናቷ ለእሱ፣ እሷ ለሁለቱ ሲሉ ሦስት ሰው ሻንጣ ሊገዛ ነበር። ጠዋት ካርቶን የተደገፈው ወንበር ላይ ሳለ ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ወረደለት፤ በዚህ ቢያበቃና ደህና ዋዪ ብሎ ቢወጣ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር።

ልጅቷ ግን የመስታወት ሳጥኑን እያየች ነበር። «ለምንድን ነው የምትለካው?» አለችው።

ሜትሩ እጁን አየ። መለኪያው ሳጥኑ ላይ ተዘርግቷል፤ አውራ ጣቱ ሰማንያ አራት ላይ ነው።

«ቁጥሩ የተቀየረው መቼ ነው?»

«አሁን... በቅርቡ።»

«ማን ነገረህ?»

«ፎርም ሞይው።»

«ለሁሉም ልጅ ነው የተቀየረው ወይስ ለኔ ብቻ?»

በር ላይ አቁማ ስትጠይቀው የነበረችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ራሷ ናት፤ ጥያቄዋም እንደያኔው ወዴትም አያስኬድም። መለኪያውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ ለሚስቱ የገባውን ቃል በልቡ ይቅርታ ጠይቆ፣ ነገራት። አሥራ ስምንቱን ነገራት፣ ዘጠኙን ቀን ነገራት። አምስት ወሩን አልነገራትም፤ እሱን ራሷ ቆጠረችው።

«ባልፈርም ኖሮ ልጅህ ነበርኩ ማለት ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠበቃም ዳኛም አልነበረም። መብራቱን ከግንባሯ ልታወልቅ ብላ ፀጉሯ ላይ ጠመጠመችው፣ ሜትሩም በመስታወቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሊፈታላት ሲል እጁን ያዘችው። ስላልሄደች አይደለም የምታለቅሰው፤ መሄዱንማ አልፈለገችውም። እዚያ ማዶ ያለ፣ አይቷት የማያውቅ ሰው፣ ወረቀት ገልጦ «አይደለችም» ማለቱ ነው የቆረጣት፣ ያስባለችው ደግሞ እሷ ራሷ መሆኗ። ሜትሩ ብዙ ነገር ሊላት ፈለገ። ስልኩን ሊያስጠግን የመጣ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ሁለቱን አየና፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብሎ ተመለሰ። ሜትሩ በመጨረሻ ያገኘው ቃል «ፊርማሽ እኮ ከሁላችንም ያምራል» የሚል ነበር። ልጅቷ በእንባዋ መሀል ሳቀች፣ አፍንጫዋን በመጥረጊያ ጨርቁ ጠረገች፣ የስልክ ማጽጃው ሽታ አስነጠሳት፣ ከዚያም ሰዓት ጠየቀችው። አሥር ሰዓት ተኩል ነበር። «እንግዲያው እማዬ ጋ ደውል» አለች።

ሱቁን ዘግታ አብራው ወጣች፤ እየተራመዱ ደወሉ። «እማዬ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ ስልኩን ነጥቃ። «ሜትሬ አልነገረኝም፤ ለካ እንጂ አልነገረኝም። ስሚኝ። እኔ እዚህ መቅረት ነው የምፈልገው፤ የሱቁን ነገር ማታ እነግርሻለሁ። እናንተ ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ። እሱ እህት አለው፣ አንቺ እሱ አለሽ። ስምንት ዓመት ከሆነ በኋላ መምጣት ካማረኝ ያኔ ጥሪኝ፤ ካላማረኝ ደግሞ ዓመት በዓመት እየመጣችሁ ታዩኛላችሁ።» እናትየው ማታ እንነጋገር አለች። ማታ ሰዓቱ ያልፋል አለቻት። ከበስተጀርባው መሰርሰሪያው ይሰማል። ከዚያ ያ ለስላሳ ድምፅ፣ አሁን ግን ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቆ፣ «ማታ ማታ በሩን ከታች በኩልም ቆልፊ» አለ። «የላዩ ብቻ አይበቃም። ሁልጊዜ የታቹን ትረሺዋለሽ።» ልጅቷ እሺ አለች። እሺ ስትል ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ፎርም ሞይው ጋ ሲደርሱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሁለት ብለው ነገሩት፤ እሱም ደስ አለው፣ ሁለት ለመሙላት ቀላል ነው። የሜትሩን ገባ፣ የሚስቱን ገባ፣ የጋብቻ ወረቀቱን ከፊርማዎቹ ጋር አስገባ። ልጅቷ ከሜትሩ ጀርባ ቆማ ጣቶቹን ትከታተላለች፤ በጣም ቀርፋፋ ናቸው አለችው፣ እሱም አንቺ ከቻልሽ ነይ ጻፊ አላት። ገጾቹ እያለቁ ሄደው በመጨረሻው ላይ ፎርም ሞይው ቆም አለ።

«እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ» አለ። «‹ከእርስዎ ጋር የማይጓዝ ልጅ አለዎት?› ይላል። የለም እላለሁ።»

«ለምን የለም ትላለህ?»

«በሕጉ የለዎትማ፣ ጋሼ። ጠዋት ነግሬዎታለሁ። የለም ቢሉ አልዋሹም። አለኝ ካሉ ግን መልስዎ ከወረቀቱ ጋር ይጋጫል፤ ይጠይቁዎታል፣ ሊያዘገዩት ይችላሉ፣ ይባስ ብለው ሊጥሉት ይችላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀው እዚህ ላይ...»

«የለም በለው፣ ሜትሬ» አለች ልጅቷ ክርኑን ጎንተል አድርጋ። «ምን አገባን? እኛ እናውቀው የለ?»

ሜትሩ እህቱን አሰበ። ሁለቱን አልጋና ሦስቱን ካፖርት፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚረዝመውን ድምፅ አሰበ። ሊቀር ይችላል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ሊቀር ይችላል። ፈራም። ግን የተጠየቀው ሕጉ አልነበረም፤ ስሙ ከላይ የተጻፈው የእሱ ነው፣ የተጠየቀው እሱ ነው።

«አለኝ» አለ። «አንድ። ሴት ልጅ።»

ፎርም ሞይው ጋሼ አንጎሉ ተነካ እንዴ በሚል ዓይን አየውና ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ። መልሱን ሲያስገባ ሌላ ጥያቄ ከሥር ተከፈተ። «ይኸው! ‹የማትጓዝበትን ምክንያት ይግለጹ› ይላል። ምን ልበል? ሰባት ደቂቃ ነው የቀረን።»

«በጋብቻችን ላይ ምስክር ስለነበረች፣ በል።»

«እሱ ምክንያት ይሆናል?»

«ምክንያቱ እሱ ነው።»

ፎርም ሞይው መጻፍ ጀመረ። ልጅቷ ከኋላ በኩል ጎንበስ አለች። ሜትሩ አሁን ልትሟገት ነው ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈችና «አንድ ነገር ጨምርበት» አለች። «‹በራሷ ጥያቄ› በል። እነሱ አይደሉም ያስቀሩኝ፤ ልፈርም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጨመረበት። ከዚያ ከመላኩ በፊት እንደ ደንቡ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ «ልጄ፣ ሃያ ዓመቷ፣ ከእኛ ጋር አትጓዝም፤ በጋብቻችን ዕለት በራሷ ጥያቄ ምስክራችን ስለነበረች።» የሚታረም ነገር አለ ወይ ብሎ ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሱም ላከው።